ሦስት ፊደል

ሥራዬ ድንጋይ ላይ መጻፍ፣ ሒሳቤ በፊደል ቁጥር፣
ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ፣ ከአንድ አሮጌ ግንብ ሥር።
ትርንጎ ባሏን ቀብራ መጣች፣ ገንዘቧን በመሐረብ ቋጥራ፣
የሃያ ስድስት ፊደል ዋጋ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግማ ቆጥራ።
«ስሙ ስድስቱን ይወስዳል፤ ሸዋንግዛው፣ አይቀነስ፤
በቀረው ሃያ እሱን ጻፈው፣ ሳነበው ድምፁ እንዲመለስ።»

ፍሬን ያዥ ነበር ሰውየው፣ በባቡሩ ደህና ዘመን፤
ከጅቡቲ ሲመለስ ፉጨቱ ነበር ቀድሞ የሚደርሰን።

ሁለት ቀን ተቀመጥሁ።
መሮው እጄ ላይ ሞቀ፣ እብነ በረዱ ፈዘዘ፤
የጻፍሁት ሁሉ የሌላ ሰው፣ ከሌላ መቃብር የተመዘዘ።
ጠሃ፣ ብረት በያጁ ጎረቤቴ፣ «ና ቃም አድርግ» አለኝ፣ «ይመጣል፤
ሐሳብ እንግዳ አይደል? ምንጣፍ ካየ ይቀመጣል።»
መጣም። አርባ መስመር መጣ፤ እያንዳንዱ ዕንቁ መሰለኝ፤
ጠዋት በፀሐይ ባየው፣ አንዱም ተነሥቶ ሰላም አላለኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ወበቁ ሲላላ፣ መሮውን ጥዬ ወጣሁ።
ወዴት? እንጃ። እግሬ «ና» አለኝ፤ ታዘዝሁ።
ባጃጆቹ ጡሩንባቸውን እያንባረቁ አለፉ፣
የዕቃ ጥሪ፣ የልጆች ሳቅ በጆሮዬ እየጎረፉ።
አንድም ነገር አላሰብሁም፤ ይህን ልብ በሉልኝ፤
ስለ ሟቹ አላሰብሁም፤ ጫማዬ ነበር የከነከነኝ።
የግራው ተረከዝ ተበልቷል፤
ቀኙ ጧ ሲል ግራው ይንሸራተታል።
ጧ፣ ሸርተት። ጧ፣ ሸርተት።
ደቻቱ ስገባ አሸዋው ድምፁን ዋጠው፤ ያኔ ነው የሰማሁት፦
የፉርጎ ጎማ ነው፣ የሀዲድ መጋጠሚያ ሲረግጥ!
ከቀፊራ የሚመለሱ ግመሎች አለፉኝ፣ ማንም ሳያስቸኩላቸው፣ ቀጥ ቀጥ።

ደቻቱ እንዲህ ነው። ዓመት ሙሉ ደርቆ ሰው መንገድ ያደርገዋል፣
ከዚራን ከመጋላ እየለየ፣ ዝም ብሎ ይከርማል፤
ከወዲያ፣ ከተራራው ይዘንባል፣ እዚህ አንዲት ጠብ ሳትል፤
ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ጎርፉ ሳይጠሩት ይደርሳል።
መስመሩም እንዲያ መጣ፦
«ፉጨቱን ለነፋስ አበድሮ፣ ሀዲዱን በዕድሜው ለክቶ፣
ከመጨረሻው ጣቢያ ደረሰ፣ የእጅ ፋኖሱን አብርቶ።»

እርሳስ የለኝ። ወረቀት የለኝ።
ሮጥሁ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ በተበላ ተረከዝ ሮጥሁ፤
«ሌባ!» ያለም ነበር፤ «ምን ነካው?» ሲሉም ሰማሁ።
መራመድ እጁ ለጋስ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ያሸክማል፤
ሩጫ ግን ጉምሩክ ነው፣ ጓዝህን ፈትቶ ይበረብራል።
ድልድዩ ጋ ፋኖሱ ወደቀ።
አስፋልቱን ስሻገር ነፋሱ፣ ከነብድሩ።
ባጃጅ ሊገጨኝ ሲል ሀዲዱ።
ትንፋሼ ሲያጥር ጣቢያው፣ ከነመጨረሻው፣ አለፈ፤
ደጃፌ ስደርስ አንድ ቃል ከምላሴ ሥር ተረፈ፦

ደረሰ።

ትርንጎ መጥታ በጣቷ ዳበሰችው፤ ደ፣ ረ፣ ሰ፤
አንዴ ብቻ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ አፏ ፉጨት ቀመሰ።
የአሥራ ሰባት ፊደል መልስ ብሰጣት እጄን መለሰችው፤
«ጫማ ግዛበት» አለችኝ፤ ተረከዜን ነው ያየችው።

አልገዛሁም እስከ ዛሬ። ገንዘቡ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።
የጠሃ ሱቅ ታፔላም፣ ስም አጥቶ፣ ይኸው ወር ሙሉ ባዶውን ዋለ።
«ቁጭ በልና እናስብ» ይለኛል።
ያንኑ ጫማ እያሰርሁ፣
«ተነሥ» እለዋለሁ።